ጋሽ ሰይድ በማንኪያ የበሉበት ዓመት

የምሠራውን ሥራ ለማያውቀኝ ሰው ስናገር መጀመሪያ ይስቃል። አልቀየምም። ሳልገባበት በፊት ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። አህያ የምታስታምም ሴት፣ ያውም ደመወዝ እየተከፈላት! ሸዋ ሮቢት ገበያ ውስጥ ሳልፍ "የአህያ ሐኪሟ መጣች" ይሉኛል፤ አንዳንዱም "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" ብሎ የሥራ ዘመኔን ሁሉ በአንድ ተረት ይዘጋዋል። እውነቱን ለመናገር ብዙውን ጊዜ አላስጣልንም። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን አንድ ሰው ዓይናችን እያየ ሊያመልጠን ስለነበረበት ቀን ነው። ጥፋቱም ከማንም በላይ የእኔ ነበር።

ያን ጊዜ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ስሜ የሺ ይባላል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የሽንኩርት ማሳው ከሚጀምርበት አካባቢ፣ በእሾህ የታጠረ ግቢ አለን፤ ሁለት የቆርቆሮ በረት፣ አንዲት የመድኃኒት ክፍል፣ አንድ ትልቅ ግራር። የግቢው ኃላፊ እኔ ነኝ። የታመመ፣ የተሰበረ፣ ጀርባው የተገጠበ፣ አርጅቶ የተጣለ አህያ ይመጣልናል። የሚድነውን እናድናለን፣ የማይድነውን በመርፌ እናሳርፋለን። "እንገድላለን" ብለን አናውቅም። "ማሳረፍ" ነው የምንለው።

ለከተማ ሰው ይህ ነገር ግር ሊለው ስለሚችል ላስረዳ። የበሬ መጨረሻ ይታወቃል፤ ታርዶ ይበላል። አህያ አይበላም፣ አይታረድም። ዕድሜውን ሙሉ ውሃና እህል ተሸክሞ ያኖረህን እንስሳ በገዛ እጅህ መግደል ደግሞ ነውርም ኃጢአትም ነው። ስለዚህ ባለቤቱ አንድ ቀን ገመዱን ፈትቶ መንገድ ዳር ይተወዋል፣ ዞሮ ሳያይም ይሄዳል። የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። ገበሬው ጨክኖ አይመስለኝም፤ ሌላ ምን ያድርግ? እኛ ከመጣን ወዲህ ግን ያን የመጨረሻ ነገር ለእኛ ያመጣልናል። ነውሩንም ኃጢአቱንም አብሮ ያስረክበናል።

መርፌ ለመውጋት ሙያው ያለን ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ፋሲል የሚባል ከኮሌጅ ከወጣ አራት ዓመት የሆነው ልጅ፣ እና ጋሽ ሰይድ። ጋሽ ሰይድ ከመንግሥት የእንስሳት ጤና ሥራ በጡረታ ወጥተው የመጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፂማቸውን በሂና ቀላ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። የቀወት ወረዳን ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ያውቁታል። እናታቸው አርጎብኛ ይናገሩ ስለነበር አህያ ሲያባብሉ እኛ የማንሰማው ቃል ጣል ያደርጋሉ። በዚያ ላይ እጃቸው ቀላል ነው። መርፌያቸው አይሰማም። እንስሳውን በጆሮው ይዘው ጥቂት ያናግሩታል፣ ሳይደነግጥም ይተኛል። የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ፋሲልም ላብ በላብ ይሆናል።

ሥራው ከባድ ስለሆነ ተራ አውጥተን ነበር። ማን መቼ እንደሚያሳርፍ በየሳምንቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። አንድ ቀን በፋሲል ተራ አንዲት እርጉዝ አህያ መጣችና "ጋሽ ሰይድ፣ ዛሬ ብቻ ይተኩኝ" አላቸው። "ግዴለም" አሉ። በሳምንቱ እኔ ጉንፋን ይዞኝ "ዛሬ ብቻ" አልኩ። "ግዴለም" አሉ። እንዲህ እያልን የእኛ "ዛሬ ብቻ" እና የእሳቸው "ግዴለም" ሁለት ዓመት አብረው ኖሩ። ሰሌዳው ላይ ስማችን ይለዋወጣል፤ መርፌውን የሚይዘው ግን አንድ ሰው ነው። ባለቤቶቹም ለመዱና "ሰይድ ይሁኑልኝ" ማለት ጀመሩ። እኛም እያመሰገንን፣ እያሞገስን፣ ሁሉንም አሸከምናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኋላ ስለሚያስፈልገን። ምሳ አንድ ላይ ነበር የምንበላው፣ ጥበቃችን ደምሴም ጭምር። ሥጋ በሆነ ቀን ሳህናችን ይለያያል፤ ሽሮ ወይም ምስር ሲሆን ግን አንድ ትሪ ከበን ነው። ጋሽ ሰይድ ማጉረስ ይወዱ ነበር። "አንድ ያጣላል" ብለው ሁለተኛውን ያስከትላሉ። ደምሴ ጥርሴን አመመኝ እያለ እንኳ አያመልጣቸውም። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ይመስለኛል፣ ፍትፍት በሳህን ለብቻቸው ይዘው መምጣት ጀመሩ፣ ከነማንኪያው። ጉርሻውም ቀረ። ሁላችንም አየን። አይተንም ሳቅን። "ጋሽ ሰይድ ሠለጠኑ እኮ" ያልኩት እኔ ነኝ። ፈገግ ብለው መብላታቸውን ቀጠሉ።

እንግዲህ ያ ቀን ማክሰኞ ነበር፣ ግንቦት ውስጥ። ቆላው በግንቦት ለጠዋትም አይራራም፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቆርቆሮው መንጣጣት ይጀምራል። ከደብረ ሲና በኩል የወረደ አንድ አይሱዙ ፍሬን እምቢ ብሎት አስፋልት ዳር ውሃ የጫኑ አህዮች መሃል ገባ። ሰው አልተጎዳም። የተጎዱትን ሦስት አህዮች በጋሪ እየጫኑ አመጡልን። ሦስቱም የአንዲት ሴት ነበሩ፤ እትዬ ጌጤ ይባላሉ፣ በውሃ ንግድ የሚተዳደሩ የባል የሞተባቸው ሴት። አላለቀሱም። ጀሪካኖቻቸውን እየፈቱ አንድ በአንድ ከግድግዳው ሥር ደረደሩ፣ የተሰነጠቀውንም ሳይለዩ።

አየናቸው። ሦስቱም የሚድኑ አልነበሩም። ሰሌዳውን ቀና ብዬ አየሁ። "ማክሰኞ፣ የሺ" ይላል፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ። ጋሽ ሰይድ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሪፖርት እንደሚቀረኝና ለምሳ መድረስ እንዳለበት ነገርኳቸው። ሪፖርቱ አርብ ቢሄድም ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ጋሽ ሰይድ ትንሽ ዘገዩ። ከዚያ "ግዴለም" አሉ።

ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ ወረቀት አገላብጣለሁ፣ አልጻፍኩም። የእሳቸው ድምፅ ይሰማኛል፤ ቀስ ያለች፣ ልጅ የሚያስተኙ የምትመስል ድምፅ። አንድ ጊዜ ተሰማች፣ ቆመች። ሁለተኛ ተሰማች፣ ቆመች። ሦስተኛውን ጊዜ ረዘም አለች። እትዬ ጌጤ ሲያበቃ "እጅዎ ይባረክ" ብለው ቀኝ እጃቸውን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ፣ ጋሽ ሰይድ እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ወደ ኋላ ሳቡት። ይህንንም በመስኮት አየሁ። አየሁና ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ።

ከዚያ በርሜሉ ጋ ሄደው እጃቸውን መታጠብ ጀመሩ። በሳሙና፣ እስከ ክርን። አለቀለቁ፣ እንደገና ሳሙና። እንደገና። እኛ ግቢ ውሃ በጀሪካን ነው የሚገባው፤ የዛሬውን ውሃ ሊያመጡልን የነበሩት አህዮች ደግሞ በረት ውስጥ ተጋድመዋል። ሙቀቱም፣ ጥፋቴም ተደራርበው ነው መሰለኝ ነገር ነገር አለኝ። በመስኮት ብቅ ብዬ "ጋሽ ሰይድ፣ ውሃው እኮ ለእንስሳቱ ነው" አልኩ።

"እውነትሽን ነው" አሉና ክዳኑን መለሱት። አረፋው ከእጃቸው ሳይለቅ ሄዱ።

ስድስት ሰዓት ላይ ትሪው ቀረበ። ጋሽ ሰይድ የሉም። ለሶላት መስሎኝ ነበር፣ ግን መስገጃቸው ግራሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ወደ መድኃኒት ክፍሉ ሄድኩ። ነጭ ጋውናቸው ጠረጴዛው ላይ በአራት ተጣጥፎ ተቀምጧል። ከላዩ ላይ የቁምሳጥኑ ቁልፍ። ከቁልፉ አጠገብ ስልካቸው።

እኚህ ሰው ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ አስረው የሚተኙ ናቸው። ቁምሳጥኑን ከፍቼ ቆጠርኩ። ከምናሳርፍበት መድኃኒት፣ ጠዋት ለሦስቱ ከወጣው ሌላ፣ አንድ ብልቃጥ ጎድሏል። ተሳስቼ እንዳይሆን ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው።

ፋሲልን ጠራሁት። ረስተው ይዘውት ወጥተው ይሆናል አለኝ። ፊቱን ሳየው ግን እሱም አላመነውም። ደምሴን ጠየቅነው። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጥቁር ፌስታል ይዘው በእግራቸው ወጡ፤ ወዴት ነው ሲላቸው "ወንዝ ወርጄ እጄን ልታጠብ" አሉኝ አለ።

በሕይወቴ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ። እንደዚያ ቃል የወጋኝ የለም።

ፋሲል በሞተር ወደ መስጊዱና ወደ ገበያው ሄደ። እኔ ባጃጅ ይዤ ወደ ቤታቸው፤ ቤታቸው በወንዙ መንገድ ላይ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ጥላ ሥር ማሾ ይለቅማሉ። የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ምንጣፍ ላይ ተኝቷል። እንዳላስደነግጣቸው ብዬ ዋሸሁ፤ አንድ የታመመች ላም አለች፣ ጋሽ ሰይድን ፈልጌያቸው ነው አልኩ። እትዬ ዘይነባ ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጡት።

"የሺ፣ አፍሽ ላም ይላል፣ ፊትሽ ሌላ ነው የሚለው። ሰይድ ምን ሆነ?"

ነገርኳቸው። የብልቃጡንም ነገር። አልጮሁም። የሚያውቁትን ነገር የሰሙ ያህል ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እኔ ይህን ቀን ስጠብቀው ነው የከረምኩት" አሉ። "ሌሊት ይነሳና እጁን ይታጠባል። ሲነጋ ይታጠባል። ይህን ልጅ እንደ ነፍሱ ነው የሚወደው፣ በቀኝ እጁ ግን አይነካውም። 'ይህ እጅ እሱን አይንካው' ይላል። ሲበላም እጁ አፉ ጋ እንዳይደርስ በማንኪያ ነው። በግራ እንዳይበላ ሃይማኖቱ አይፈቅድለት። ማንኪያ ገዝቶ መጣ።"

ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው፣ ለማለት የደፈርኩትም በመደንገጥ ነው።

"አትንገሪ ብሎኝ ነዋ። 'እነሱ ልጆች ናቸው፣ ይከብዳቸዋል' አለኝ።"

ሕፃኑን ለጎረቤት ሰጡ። እኔ ባጃጁ ላይ ወጥቼ "እንሂድ፣ እንሂድ" እላለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ጓዳ ገብተው ፍትፍት በሳህን ይቋጥራሉ። ተናደድኩ። አሁን ይህ የምግብ ሰዓት ነው? እሳቸው ግን "ሳይበላ ነው የዋለው" አሉና ሳህኑን ታቅፈው ወጡ።

ባጃጁ ያደረሰን ማሳው ዳር ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በእግር ነው። ሮቢ ወንዝ በግንቦት አሸዋው ነው የሚበዛው፤ ውሃው ጥጉን ይዞ እንደ ገመድ ቀጥኖ ይሄዳል። ሙቀቱ ከላይም ከታችም ነው። የእትዬ ዘይነባ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኔ በልቤ የማልምለው መሐላ የለም። ተራዬን እወጣለሁ፣ ሰሌዳውን አከብራለሁ፣ ውሃ በራሴ ጀርባ እሸከማለሁ፣ ብቻ ይገኙ። አንድ በውሃ መሳቢያ ሞተር ሽንኩርት የሚያጠጣ ሰውዬ አገኘንና ጠየቅነው። ረጅም፣ ፂማቸው ቀላ ያለ ሰው አይተሃል ወይ?

አይቷል። እዚያ ድንጋዩ ጋ ቁጭ ብለው ለረጅም ጊዜ ሲታጠቡ ነበር አለ። "በአሸዋም ሲያሹት ነበር። ከዚያ ወደ ቦረቦሩ ሄዱ፣ እናንተ አህያ ወደምትጥሉበት።"

ወደዚያ ቦታ በሁለት ዓመት ውስጥ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አልሄድኩም። ጋሪውን አስከትለው የሚሄዱት እሳቸው ናቸው፤ ያንንም "ግዴለም" ብለዋል። ሰዓቴን አየሁ፣ ከሰባት ተኩል አልፏል። ከወጡ ሦስት ሰዓት። መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። እያወቅሁ መራመድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በቃል ማስረዳት አልችልም።

ቦረቦሩ አፋፍ ላይ አንድ ቁርቁራ አለ። ሥሩ ተቀምጠዋል። ጀርባቸውን ግንዱ ላይ አስደግፈዋል፣ ጭንቅላታቸው ወደ ደረታቸው አዘንብሏል፣ አይንቀሳቀሱም። ቆምኩ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ ባይዋ፣ ኃላፊ ነኝ ባይዋ፣ ሃያ እርምጃ ሲቀራት ደርቃ ቀረች። እትዬ ዘይነባ አልቆሙም። እንደወትሮው ሴት ባሏን ስትነዘንዝ በምታወጣው ድምፅ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ምሳህን ጥለህ ነው የወጣኸው" አሉ።

ጋሽ ሰይድ ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

አለቀስኩ፣ ግን ድምፅ አላወጣሁም። ቀርበን ስናይ ብልቃጡ ፊት ለፊታቸው አሸዋው ላይ፣ ፌስታሉ ላይ ተቀምጧል። አልተከፈተም። ቀኝ እጃቸው ከመታጠብና ከመታሸት ቆዳው ተልጧል። የመጀመሪያው ሐሳቤ ብልቃጡን ነጥቄ መሮጥ ነበር። ግን እኚያን ሰው ያን ጊዜ እንደ ሌባ መንጠቅ አልቻልኩም። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ፣ ብልቃጡ መሃላችን ነው። እትዬ ዘይነባ በጎናቸው ተቀመጡ፣ ትከሻቸው እስኪነካ።

በእኛ አገር የማይጠየቅ ጥያቄ አለ። እንኳን ለታላቅ ሰው ለእኩያም አይጠየቅም። ጠየቅሁ።

"ጋሽ ሰይድ፣ ይህን ያመጡት ለራስዎ ነው?"

እትዬ ዘይነባ ጉልበቴን ጨበጡት። ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን ከብልቃጡ አላነሱም።

"ከግቢ ስወጣ አዎ" አሉ። "እዚህ ከተቀመጥኩ በኋላ አላወቅሁትም። ስንት ሰዓት ሆነ?"

"ስምንት ሊሆን ነው።"

"ዙህር ገብቶ ሳልሰግድ ቆየሁ" አሉና አለቀሱ። ያን ሁሉ ዓመት ስናውቃቸው ሲያለቅሱ አይተን አናውቅም። ሶላት ዘገየብኝ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ።

ከዚያ ተናገሩ። ብዙውን እዚህ አልጽፈውም፣ የእሳቸው ነው። እንድጽፍ የፈቀዱልኝ ይህን ነው፦ "ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ይጠይቀኛል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ልጆቼ። ስለዚህ ነገር 'እንዴት ነህ' ያለኝ የለም። ሼሁን ጠይቄ ነበር፤ የሚሠቃይ እንስሳ ማሳረፍ አጅር አለው፣ ከአላህ ምንዳ ያስገኛል አሉኝ። አጅሩን አልጠላሁም፣ የሺ። እንቅልፌን ነው ያጣሁት። ዓይኔን ስከድን በተራ በተራ ይመጣሉ። እያንዳንዳቸውን አውቃቸዋለሁ፣ በጆሯቸው ይዤ አናግሬያቸዋለሁ። እነሱም አምነውኝ ነው የተኙት።" ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። "ዛሬ የማን ተራ ነበር?"

"የኔ።"

"አውቃለሁ። ሰሌዳውን አንብቤ ነው የገባሁት።"

ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ስለ ተራው፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ማንኪያው። ጠበቅሁ። ያን ሁልጊዜ የሚሉትን "ግዴለም" ነበር የምጠብቀው። አላሉም። ንፋሱ ፌስታሉን እያርገበገበ ብዙ ጊዜ አለፈ፣ አላሉም። እኔም ባለማለታቸው፣ እንግዳ ነገር ነው፣ መጀመሪያ ጊዜ እፎይ አልኩ። ከዚያ በጣታቸው ጫፍ ብልቃጡን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና "ውሰጂው" አሉ።

እትዬ ዘይነባ ሳህኑን ፈቱ። ማንኪያ አላመጡም። ረስተውት አይደለም፤ ኋላ ጠይቄያቸው ነግረውኛል። በእጃቸው ጠቅልለው ወደ ባላቸው አፍ ሰደዱ። ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱ። ቦረቦሩ ከኋላችን ይሸታል፣ ሰማዩ ላይ አሞራ ይዞራል፣ እነሱ ይጎራረሳሉ ልበል? የሚያጎርሱትስ አንዷ ብቻ ናቸው። እኔ ብልቃጡን በሁለት እጄ ይዤ አያለሁ።

የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ወሰድናቸው። የአእምሮ ጤና ባለሙያ አየቻቸው፣ መድኃኒት አዘዘች፣ እንዲመላለሱም ቀጠሮ ሰጠች። ኋላ ደግሞ ወደ ደጋው ወጥተው ሐኪም እንዲያያቸው ተላኩ። የመጀመሪያውን ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። ሚኒባሱ ደብረ ሲና ሲደርስ ብርዱ ገባና ጋቢያቸውን ወደ እኔ እያካፈሉ "ለአህያ ሐኪም ሞልቶ፣ ለአህያ ሐኪም ሐኪም ፍለጋ አገር ለአገር" አሉ። ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ።

በሳምንቱ ሰሌዳው ላይ የእኔ ስም ነበር። አንዲት ያረጀች፣ ዓይኗ የጠፋ አህያ መጣች። ባለቤቷ "ሰይድስ?" አለ። ታመዋል አልኩት። እኔው አሳረፍኳት። ፋሲል ከጎኔ እንዲቆም አድርጌ ነበር። ጋሪውን አስከትለን ቦረቦሩ ድረስ አብረን ሄድን። ስመለስ እጄን ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ፣ ሦስተኛ ሳሙና ላነሳ ስል ደምሴ ጀሪካን ይዞ መጣና በርሜሉ ላይ ጨመረልኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አንድ ቀን እንዲህ ከሆነ፣ ሁለት ዓመትስ?

አሁን ግቢያችን ውስጥ ተራ ተራ ነው። "ዛሬ ብቻ" የለም። የማትችል ከሆነ እንስሳው ነገ ድረስ ሕመም ማስታገሻ ይሰጠዋል እንጂ ሸክምህ ወደ ሌላ አይሄድም። ያሳረፈ ሰው ብቻውን አይወጣም፤ የቀሩት ሥራ አቁመው ግራሩ ሥር አብረውት ይቀመጣሉ። አንዳንዱ ሰው ሲያየን "ለአህያ ለቅሶ ተቀመጡ" ብሎ ይስቃል። ይሳቅ። ሞት የገባበትን ቤት ሰው ብቻውን የማይተው አገር ልጆች ነን፤ ከሰው ቤት ድንኳን ጥለን እናድራለን። እኛ ግን በየቀኑ ከሞት ጋር ውሎ የሚገባን ሰው በባዶ ግቢ ብቻውን ሸኝተነዋል፣ "እጅዎ ቀላል ነው" ብለን። ከዚህ በላይ ምን ጥፋት አለ?

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ የአህያ ግቢ ባይኖራችሁም ሥራ ቤት አላችሁ። ማንም የማይፈልገው ነገር ሁሉ የሚወድቅበት አንድ ሰው አይጠፋም፤ ስለሚችልበት፣ ስለማይናገር፣ ግዴለም ስለሚል። ምሳ ሲበላ እዩት። የተለወጠ ነገር ካለ አትሳቁበት። ለብቻው ወስዳችሁ ጠይቁት፣ የሚያስፈራውንም ጥያቄ ቢሆን ጠይቁት። ብትጠይቁት ሐሳቡን አትሰጡትም፤ ካለው ደግሞ ብቻውን አይሸከመውም። ከዚያ ወደሚረዳው ባለሙያ አብራችሁት ሂዱ።

ደክሞኛል፣ አልዋሻችሁም። አህያው አላለቀም፣ ሙቀቱም አላለቀም፤ ጋሽ ሰይድም ጨርሰው ድነዋል አልልም። አሁንም የማይተኙበት ሌሊት አለ። ወደ ሥራ የተመለሱት ከስድስት ወር በኋላ ነው፣ መርፌ ግን አይዙም። ሰኮና ይጠርባሉ፣ ገጠባ ያክማሉ፣ ፋሲልን ያስተምራሉ። ሲመለሱም ሳህናቸውና ማንኪያቸው እንደነበረ ነበር። እኛም ስለ ማንኪያው ቃል ወጥቶን አያውቅም።

አንድ ቀን፣ ኅዳር ውስጥ፣ ማሽላው እየታጨደ ሳለ፣ ሽሮ ነበር የቀረበው። ጋሽ ሰይድ ከበርሜሉ እጃቸውን ታጥበው መጡ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የታጠቡት፤ ቆጥሬአለሁ። ተቀመጡ። ማንኪያውን አነሱ፣ አዩት፣ መልሰው አስቀመጡት። ቀኝ እጃቸው ወደ ትሪው መጣ። ደምሴ ማላመጡን አቆመ። እንጀራውን ቆረሱ፣ ሽሮው ውስጥ ነከሩ፣ ጠቀለሉ፣ ወደ እኔ ዘረጉት። እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ። አልያዝኩላቸውም። አፌን ከፍቼ ጠበቅሁ።

ጎረስኩ። ገና ሳልውጠው "አንድ ያጣላል" አሉና ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመሩ።